ድሬዳዋ ላይ ሱቅ፣ መጋዘን ወይም ሕንፃ የሚገዙና የሚከራዩ ሰዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄዎች

ድሬ ላይ ንግድ ቤት ሲሸጥና ሲከራይ እያየሁ ነው ያደግኩት። አጎቴ ቀፊራ ገበያ አጠገብ ሱቅ ነበረው፤ ደላሎቹ በረንዳው ላይ ነበር የሚውሉት። እኔ ራሴ ደላላ አይደለሁም፣ ጠበቃም አይደለሁም። አንድ ጊዜ ተበልቼ፣ ከዚያ ወዲህ የማንንም ወረቀት ሳላገላብጥ የማላልፍ ሰው ነኝ። ወዳጅ ዘመድ የሚደውልልኝም ለዚሁ ነው። ጥያቄው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ስለሆነ እዚህ ሰብስቤዋለሁ። ብሩ ትልቅ ከሆነ ግን ጠበቃ ያዙ። ጠበቃ ከቀብድ ይረክሳል።

ሰውየው ካርታውን አሳይቶኛል። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ካርታ ማየትና ካርታ ማረጋገጥ ለየቅል ነው። እኔም የተበላሁት እዚሁ ላይ ነው።

ታይዋን የሚባለው የድሬ ገበያ አካባቢ አንድ ሱቅ ለመግዛት ተስማማሁ። ደላላው ከዚራ ሰፈር፣ ዛፍ ስር ያለች ሻይ ቤት ቀጠረኝ። «ባለቤቱ» ካርታውን በላስቲክ ከቶ ይዞ መጣ። ማህተሙ ሐምራዊ ነው፣ ፊርማ አለው፣ ፎቶ አለው፣ ሁሉም ነገር አለው። አውጥቼ ልየው ስለው «አቦ፣ እጅህ በላብ ርሷል፣ ታቆሽሸዋለህ» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ድሬ ናት፣ ግንቦት ነው፣ እጄ ርሷል። ሳቅን። 60 ሺህ ብር ቀብድ ሰጠሁ። ላስቲኩ ለምን እንዳስፈለገ የገባኝ በሳምንቱ ማዘጋጃ ቤት ሄጄ ቁጥሩን ሳስፈትሽ ነው፤ ፋይሉ የሌላ ሰው ነበር። እውነተኛ ማህተም ቀለሙ ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል፣ ሲገለበጥ ጥላው ከጀርባ ይታያል። ያ የኔው ግን የከለር ፕሪንተር ሥራ ነበር።

ማህተም ማገላበጥ ብቻ ግን አያድንም። ወረቀቱ እውነተኛ ሆኖ ጉዳዩ ውሸት የሚሆንበት ጊዜ አለ። ከውስጥ ባለ ሠራተኛ ረዳትነት በአንድ ይዞታ ላይ ሁለት ካርታ ሲወጣ ሁለቱም ማህተማቸው ኦርጅናል ነው። ስለዚህ የሚታመነው ካርታው ሳይሆን መሬት አስተዳደር ያለው ፋይል ነው። ባለቤቱን ይዛችሁ ሂዱና እነዚህን አስፈትሹ፦ ይዞታው በማን ስም ነው፣ ስንት ካሬ ነው፣ አገልግሎቱ ንግድ ነው ወይስ መኖሪያ፣ የፍርድ ቤት እግድ አለበት ወይ፣ የባንክ ዕዳ አለበት ወይ፣ የሊዝ ክፍያ ውዝፍ አለ ወይ። ሻጩ «ጊዜ የለኝም፣ ሌላ ገዢ እየጠበቀኝ ነው» ካለ ለሌላው ገዢ መልካም ዕድል ተመኙለትና ተነሱ።

ከዚያ ደግሞ ደላላውን ሳትይዙ ብቻችሁን ወደ ሱቁ ተመለሱ። ጎረቤት ካለችው ሴትዮ አንድ ለስላሳ ግዙና ስለ ቤቱ ጠይቁ። የድሬ ጎረቤት የማያውቀው ነገር የለም። «እሱ ቤት? ወንድማማቾቹ እኮ አሥር ዓመት እየተካሰሱበት ነው» የሚለው መልስ የሚገኘው ከፋይል ሳይሆን ከእሷ ነው።

«በቁልፍ የሚሸጥ ሱቅ» ማለት ምን ማለት ነው? ልግዛ?

ብዙ ሰው የሚበላበት ጉድጓድ ይሄ ነው።

ታሪኩ ወደ ኋላ ይሄዳል። በ1967 አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት ሁሉ ለመንግሥት ሆነ። ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ወደ ቀበሌ፣ ከዚያ በላይ የነበሩት እኛ ዛሬም «ኪራይ ቤቶች» ወደምንለው መሥሪያ ቤት ሄዱ። ይህ መሥሪያ ቤት አሁን የፌዴራል ቤቶች ኮርፖሬሽን ይባላል፣ ቤቶቹም አዲስ አበባና ድሬዳዋ ናቸው። ከዚራና መጋላ ላይ ጥሩ ጥሩ ቦታ የያዙት ብዙዎቹ ሱቆች የመንግሥት የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። ተከራዩ ለመንግሥት በጣም ትንሽ ይከፍላል። ያንኑ ሱቅ ለሌላ ሰው በብዙ እጥፍ ያከራየዋል። ያም ለሦስተኛ።

«በቁልፍ» ሲባል እንግዲህ የሚሸጥላችሁ ቤቱ አይደለም። የተከራዩ ወጥቶ መሄድ ነው። እሱ ይወጣል፣ እናንተ ትገባላችሁ፤ የመንግሥት የኪራይ ውል ግን አሁንም በእሱ ስም ነው። መሥሪያ ቤቱ ቆጠራ ያደረገ ቀን ሕገወጥ ተብላችሁ የምትወጡት እናንተ ናችሁ። ሰውየው ሀሳቡን ቢቀይር ወይም ቢሞትና ልጆቹ ቢመጡ ምን ይዛችሁ ትከራከራላችሁ? የቁልፍ ገንዘብ ውል ፍርድ ቤት ብታቀርቡ ውሉ ራሱ ሕገወጥ ነው ትባላላችሁ።

«ሁሉም ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው» የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚሠራው። እንደ ባለቤት ዋጋ አትክፈሉ ነው የምለው። የግል ባለሀብት ሱቅ ሲሆን ነገሩ ይለያል፤ ተከራዩ ዕቃውን፣ መደርደሪያውንና ደንበኛውን ቢያስተላልፍላችሁና ባለቤቱ ፈርሞ አዲስ ውል ቢሰጣችሁ ችግር የለውም። ዋናው ጥያቄ «ባለቤቱ ያውቃል?» ነው። ካላወቀ ቁልፉ ቁልፍ ብቻ ነው።

ቀብድ ሰጥቼ ሻጩ ጠፋ። ምን መብት አለኝ?

በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር፣ ቀብድ የሰጠ ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱ ይቀርበታል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፉን ይመልሳል። ወረቀት ላይ ጥሩ ነው። ሰውየውን ካገኛችሁት።

ከዚህ የከፋም አለ። አንድ ሱቅ ለአምስት ሰው «ይሸጥና» ከአምስቱም ቀብድ ይሰበሰባል። እያንዳንዱ ሁለት ወር ይጠብቃል፣ ሁለት ወሩ ሲያልቅ ስልኩ አይሠራም። ይሄ ውል ማፍረስ አይደለም፣ በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 692 የሚያስጠይቅ ማታለል ነው። ፖሊስ ጋ ስትሄዱ «ብር ወሰደብኝ» ብቻ አትበሉ። ሌሎቹን አራቱን ፈልጋችሁ አብራችሁ ሂዱ። አንድ ሰው ብቻውን ሲሄድ «የፍትሐ ብሔር ጉዳይ ነው፣ ፍርድ ቤት ክሰስ» ተብሎ ይመለሳል፤ አምስት ሆነው ሲገቡ ግን ማንም እንዲህ አይላቸውም።

ቀብድ የግድ ከሆነ ትንሽ ይሁን። በባንክ ይሁን፣ ካርታው ላይ ስሙ ባለው ሰው ሒሳብ ይግባ፣ ምክንያቱም ላይ «ለሱቅ ግዢ ቀብድ» ተብሎ ይጻፍ። በደላላው ሒሳብ አታስገቡ። «የአጎቱ ልጅ ነኝ» ቢልም።

በርጫ ላይ ደግሞ ውል አትጨርሱ። ከሰዓት በኋላ፣ ምርቃና ላይ፣ ሁሉም ሰው ሀብታም ነው፣ ሁሉም ሰው ታማኝ ነው። ጠዋት ተነጋገሩ።

ውሉን እኛው ጽፈን ሦስት ምስክር ፈርሞበታል። አይበቃም?

አይበቃም። የማይንቀሳቀስ ንብረት ሽያጭ በጽሑፍ መሆን ብቻ ሳይሆን በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 መሠረት ፍርድ ቤት ወይም ውል አዋዋይ ፊት መመዝገብ አለበት። የፌዴራል ሰበር ሰሚ ችሎት በመዝገብ ቁጥር 21448 ያልተመዘገበ ውልን ዋጋ ነስቶታል። በኋላ ላይ ሻጩ ራሱ ውሉን ካልካደ ችሎቱ ለዘብ ያለበት ጊዜ አለ። ሌባ ግን መጀመሪያ የሚያደርገው መካድ ነው። ስለዚህ ውልና ማስረጃ ሂዱ፣ ድሬ ላይ አለ።

ባለቤቱ ውጭ ነው፣ ወንድሙ ውክልና ይዞ መጥቷል። ችግር አለው?

ሊኖረው ይችላል። ድሬ ላይ ባለቤቱ ጅቡቲ ወይም ካናዳ የሆነ ሕንፃ ብዙ ነው፣ ውክልናው ብዙ ጊዜ እውነተኛ ነው። ሦስት ነገር አጣሩ። ውክልናው «መሸጥ» የሚል ቃል በግልጽ አለው? ማስተዳደርና ማከራየት ብቻ የተሰጠው ሰው መሸጥ አይችልም። ሁለተኛ፣ አልተሻረም? ውልና ማስረጃ አስፈትሹ። ሦስተኛ፣ ሰጪው በሕይወት አለ? ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርህ ደረጃ አብሮት ይሞታል፣ ወራሾቹ እንዳይሰሙ ሞቱን ደብቆ የሚሸጥ ዘመድ አለ። ባለቤቱን በቪዲዮ ደውሉለትና ፊቱን ካርታው ላይ ካለው ፎቶ ጋር አስተያዩ። የሚቀየም ካለ ይቀየም።

የሚስቱ ፊርማ የግድ ነው? ካርታው በእሱ ስም ብቻ ነው።

የግድ ነው። ድሬዳዋ በፌዴራል ሥር ያለች ከተማ ስለሆነች በ1992 የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ 213) በቀጥታ ይሠራባታል። በአንቀጽ 68 መሠረት የጋራ የሆነ የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥ፣ ለማስያዝም ሆነ ለማከራየት የሁለቱም ስምምነት ያስፈልጋል። ካርታው ላይ የማን ስም አለ የሚለው ብቻውን አይፈታውም፤ በትዳር ውስጥ የተገኘ ንብረት የጋራ ነው ተብሎ ይገመታል። «ያላገባ» የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ባለ አራት ልጅ አባት በዓይኔ አይቻለሁ። አሁንም ወደ ጎረቤቷ ሴትዮ ሂዱ።

ሻጩ «ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፍ» አለኝ። ለእኔም ግብር አይቀንስልኝም?

ይቀንስላችሁ ይሆናል፣ ያውም የግብር መሥሪያ ቤቱ በራሱ ግምት ካልጣለው። ማጭበርበር መሆኑንም ትተን የራሳችሁን ጥቅም እንይ። ሱቁን በ7 ሚሊዮን ተስማማችሁ እንበል። ውሉ ላይ 2 ሚሊዮን ተጻፈ፣ 5 ሚሊዮኑ በእጅ ሄደ። ነገ ካርታው ችግር ቢገኝበትና ውሉ ቢፈርስ ፍርድ ቤቱ «2 ሚሊዮኑን ይመልስ» ይላል። አምስቱን በምን ታስረዳላችሁ? ውሉ ባይፈርስም ሌላ ጣጣ አለው። ከአምስት ዓመት በኋላ በ10 ሚሊዮን ስትሸጡት የገዛችሁት በ2 ሚሊዮን ነው ተብሎ የዋጋ ዕድገት ግብሩ በ8 ሚሊዮን ትርፍ ላይ ይሰላባችኋል። የሻጩን ግብር እናንተ ትከፍሉለታላችሁ ማለት ነው። ጎበዝ ሻጭ ይህን አሳምሮ ያውቃል።

ደላላውን ማመን እችላለሁ?

ጥሩ ደላላ አለ፣ ደህና አድርጌ የማውቃቸው አሉ። አሠራሩን ግን ዕወቁት። ብዙ ጊዜ ሻጩ «እኔ 6 ሚሊዮን ብቻ ነው የምፈልገው፣ ከዚያ በላይ ያመጣኸው የራስህ» ይለዋል። ደላላው 7 ተኩል ብሎ ያቀርብላችኋል፣ ለእናንተ ብሎ «ተከራክሮ» ወደ 7 ያወርደዋል፣ እናንተ ታመሰግኑታላችሁ፣ ኮሚሽንም ትከፍሉታላችሁ። ከሻጩ ጋር ሁለታችሁ ብቻ ቁጭ እንዳትሉ የሚከላከለውም ለዚህ ነው። ዋጋ ከመቁረጣችሁ በፊት አንዴ ብቻችሁን አግኙት። «የድሬ ልጅ ነው፣ ምን ያደርግሃል?» የሚል ዋስትና ሲሰጣችሁ ደግሞ የኔንም «ባለቤት» አስታውሱ፣ እሱም የድሬ ልጅ ነበር፣ በአማርኛም በኦሮምኛም በሶማሊኛም ነው ያሳቀኝ።

መጋዘኑ የባንክ ዕዳ አለበት፣ ሻጩ ግን «በምትከፍለኝ ብር እዘጋዋለሁ» ይላል።

ብሩን ለእሱ አትስጡ። ባንኩ ጋ ሦስታችሁ ተቀመጡ፣ ቀሪ ዕዳው በጽሑፍ ይሰጣችሁ፣ እናንተ በቀጥታ ብድሩ ሒሳብ ውስጥ አስገቡ፣ ባንኩም የመያዣ ማንሻ ደብዳቤ ይስጥ። በ1990 በወጣው አዋጅ ቁጥር 97 ባንክ በዋስትና የያዘውን ንብረት ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ መሸጥ ይችላል፤ ብራችሁን የበላው ሻጭ ለባንኩ ምኑም አይደለም።

ሌላም ማታለያ አለ፣ ይሄኛው የሚጎዳው ባንኩን ይመስላል። ባለሀብቱ ከገማቹ ጋር ይስማማል፣ 8 ሚሊዮን የማያወጣ ሕንፃ 20 ሚሊዮን ተብሎ ይገመታል፣ በዚያ ላይ ብድር ይወሰዳል፣ ሰውየው ይጠፋል። ሕንፃውን ለሐራጅ ያወጡታል፣ በዚያ ዋጋ ገዢ የለም። ምድር ቤቱን ተከራይታችሁ የአንድ ዓመት በቅድሚያ የከፈላችሁ እናንተ ግን አላችሁ። ቅድሚያ ስትከፍሉም አስቡበት፤ በ2016 የወጣው የኪራይ አዋጅ (ቁጥር 1320) ቅድሚያን በሁለት ወር የገደበው ለመኖሪያ ቤት ብቻ ነው፣ ሱቅ አይሸፍንም።

«40 ካሬ» ብዬ ተከራየሁ፣ ስለካው 31 ሆነ።

ኮሪደሩንና ደረጃውን ቆጥረውባችሁ ነው። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ፣ ውሉ ላይ «የውስጥ ስፋት» ተብሎ ይጻፍ። ቀላል ነው፣ ግን ማንም አያደርገውም።

መልካ ጀብዱ በኩል በሊዝ የተያዘ ባዶ ቦታ አግኝቻለሁ፣ ነጻ ንግድ ቀጠናው አጠገብ ነው፣ ዋጋው ይጨምራል ይላሉ።

ነጻ ንግድ ቀጠናው በ2014 ሥራ መጀመሩ ከታወጀ ወዲህ በዚያ አቅጣጫ «ቦታ አለኝ» የማይል ሰው የለም። መሬት እንደማይሸጥ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ ተጽፏል፤ የሚተላለፈው የሊዝ መብት ነው። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ (ቁጥር 721) ግንባታ ያልተጀመረበት ወይም ግማሽ ያልደረሰ ቦታ ሲተላለፍ በመንግሥት አካል ክትትል ሥር መሆን አለበት፣ ሻጩም የሚያገኘው የከፈለውን ሊዝ፣ የሠራውን ግንባታ ዋጋና ከዝውውሩ የሊዝ ዋጋ 5 በመቶ ነው። ይህን ለማምለጥ ነው ሽያጩን «የብድር ውል» ወይም ውክልና የሚያስመስሉት። ብድር ተብሎ ከተጻፈ እናንተ አበዳሪ እንጂ ባለቦታ አይደላችሁም።

የምትፈልጉት መጋዘን ከሆነና ደቻቱ ወንዝ ዳር ከረከሰላችሁ ደግሞ ለምን ረከሰ በሉ። በሐምሌ 1998 መጨረሻ ሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። አዲስ ቀለም የተቀባ ግድግዳ የውሃውን ልክ ይሸፍናል።

አንድ ሰው ሕንፃዬን ሙሉ በጥሬ ብር ልግዛህ፣ ውሉ ግን በእህቴ ልጅ ስም ይሁን አለኝ። ደስ አይልም?

አይልም። ብሩ ከየት መጣ? ሕንፃ ቆሻሻ ብር ማጠቢያ መሆኑ የታወቀ ነው። ተከራይ የሌለው፣ መስኮቱ አቧራ የጠጣ፣ ግን በየወሩ «ኪራይ» የሚገባለት ሕንፃ አይታችሁ አታውቁም? ሕጉ በወንጀል የተገኘ ገንዘብን ሕጋዊ ማስመሰልን በወንጀል ይቀጣል፣ ንብረቱም ይወረሳል። ባንኮች ትልቅ ጥሬ ብርና አጠራጣሪ ዝውውር የማሳወቅ ግዴታ አለባቸው። ነገሩ ሲፈነዳ የእናንተም ሒሳብ ይታገዳል፤ አላወቅኩም ለማለት ደግሞ ያ «የእህት ልጅ» አያስመችም።

የገበያ ማዕከል በአክሲዮን ይሠራል፣ ሱቅ ይደርስሃል ተባልኩ።

ብሩ የሚገባው በምሥረታ ላይ ባለው ማኅበር ስም በተከፈተ ዝግ የባንክ ሒሳብ ነው ወይስ በአስተባባሪው ስም? በአስተባባሪው ከሆነ እዚያው ጨርሱ። ቦታውስ ተገኝቷል? በሥዕል የሚታይ ሕንፃ ያምራል፣ ፏፏቴ ሁሉ አለው።

ሐረር ላይም እንዲሁ ነው?

ማታለያው አንድ ነው፣ ቢሮው ይለያል። ሐረሪ ክልል ስለሆነ የራሱ የቤተሰብ ሕግና የራሱ ሰነድ ማረጋገጫ አለው። ጀጎል ውስጥ ከሆነ ደግሞ ግንቡና አሮጌው ከተማ ከ1998 ጀምሮ የዩኔስኮ ቅርስ ነው፤ «ገዝተህ አፍርሰህ ፎቅ ትሠራበታለህ» የሚላችሁ ሰው ሊሠራባችሁ ነው።

ከተበላሁ በኋላስ መጀመሪያ የት ልሂድ?

መጀመሪያ ንብረቱ እንዳይሸሽ አድርጉ። ፍርድ ቤት ክስ ስትከፍቱ ንብረቱ ለሦስተኛ ወገን እንዳይተላለፍ እግድ ጠይቁ፣ ትእዛዙንም በእጃችሁ ይዛችሁ መሬት አስተዳደር አድርሱ፣ በፖስታ ይደርሳል ብላችሁ አትተኙ። ጎን ለጎን ፖሊስ ጋ አመልክቱ፤ ፎርጅድ ሰነድ ካለ ራሱን የቻለ ወንጀል ነው፣ ስንቅ የሌለው ቼክ ከሰጣችሁም በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 693 ይጠየቃል። በማታለል የተገባ ውል ይፍረስልኝ ለማለት ያላችሁ ጊዜ ሁለት ዓመት ነው፣ ሽማግሌ «ትንሽ ታገሱ» ሲላችሁ ሰዓቱ እየሄደ ነው። መልእክቶችን አታጥፉ፣ የባንክ ደረሰኙን ፎቶ አንሱት፤ የሙቀት ወረቀት ድሬ ፀሐይ ላይ በሁለት ወር ነጭ ይሆናል።

አንተስ 60 ሺህህን አገኘህ?

ግማሹን። ሽማግሌ ተቀምጦ ደላላው በሦስት ጊዜ 30 ሺህ መለሰልኝ። «ባለቤቱ» እስካሁን አልተገኘም። ደላላውን አልፎ አልፎ ከዚራ አየዋለሁ፣ ሰላም እንባባላለን። ሻይ ግን አብሬው አልጠጣም።